ለምን ሲሳይ፦ ስሙ ጥያቄ የሆነ ገጣሚ

እንግሊዝ አገር ለምን ሲሳይ የሚባል ገጣሚ አለ። እንግሊዛዊ ሰው ይህን ስም ሲሰማ «ከሩቅ አገር የመጣ ስም ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኛ ግን አማርኛችን ግማሽ በግማሽ ቢሆንም፣ እናታችን በአማርኛ ስታወራን በዕብራይስጥ እየመለስን ያደግን ብንሆንም፣ ሰምተን ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ሲሳይስ እሺ፣ ሲሳይ የሚባል አጎት ወይም ጎረቤት የሌለው ማን አለ? «ለምን» ግን ጥያቄ ነው እንጂ ስም አይደለም። ሰው እንዴት ጥያቄ ተብሎ ይጠራል?

ስለ ለምን ሲሳይ በእንግሊዝኛ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የሕይወት ታሪኩን ነው የሚተርከው፤ በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ታላቅ ሰው ሆነ የሚል የድል ታሪክ። ታሪኩ እውነት ነው፤ ግጥሙን ለማንበብ ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ማለት የምፈልገው ይህን ነው፦ የለምን ሲሳይ ሥራ የሚበረታው ሌሎች ስለ እሱ ወይም ስለ መሰሎቹ በጻፉት ጽሑፍ ፊት ቆሞ ሲጠይቅ ነው። ጥያቄውን ትቶ ማጽናናት ሲጀምር ግን ይላላል። ይህን ልዩነት ለመስማት ደግሞ በእጃችን ያለችው ትንሽ አማርኛ እንኳ ትጠቅማለች።

ሁለት ስም፣ አንድ ፋይል

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ላስቀምጠው። እናቱ የማርሸት ሲሳይ በ1966 ለትምህርት ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝ ሄደች። በግንቦት 1967 በሰሜን እንግሊዝ፣ ዊጋን ከተማ አካባቢ ልጇን ወለደች። የፈለገችው ትምህርቷን እስክትጨርስ ልጁን ለጊዜው የሚይዝላት ሰው ነበር። ጉዳዩን የያዘው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ግን ለሕፃኑ የራሱን ስም፣ ኖርማን የሚለውን፣ አወጣለት፤ ከዚያም እንደ ጉዲፈቻ ልጅ ቁጠሩት ብሎ ለአንድ ነጭ፣ ሃይማኖተኛ ቤተሰብ አስረከበው።

ልጁ የቤተሰቡን ስም ጨምሮ ኖርማን ግሪንውድ ተብሎ አደገ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ለመንግሥት መለሰው፤ ከዚያ በኋላ በአራት የሕፃናት ማሳደጊያዎች ተዘዋወረ። የልደት ወረቀቱን ያየው ከዚያ ሊወጣ ሲል ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ኖርማን አልነበረም፤ ለምን ሲሳይ ነበር። ከወረቀቱ ጋር እናቱ በ1968 ልጄን መልሱልኝ ብላ የጻፈችው ደብዳቤም ተሰጠው። ይታያችሁ፣ ያ ደብዳቤ የልጅነት ዕድሜውን በሙሉ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

እናቱን በሃያ አንድ ዓመቱ ጋምቢያ ውስጥ አገኛት። አባቱ የአውሮፕላን አብራሪ ነበር፤ ልጁ ሳያገኘው ሞተ። ሙሉ ፋይሉን ለማግኘት ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ ጠየቀ፤ የተሰጠው በ2015 ነው። በ2018 የዊጋን ምክር ቤት ይቅርታ ጠየቀው፣ ካሣም ከፈለው።

አሁን ስሙን እንደገና ተመልከቱት። በፊደላችን ሲጻፍ «ለምን» ሁለት ነገር ይሆናል። «ም» ላልቶ ሲነበብ ጥያቄ ነው፦ ለምን? «ም» ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ ትእዛዝ ነው፦ ለምን! ጠይቅ፣ ተማጸን፣ አትተው እንደ ማለት። አጻጻፉ አንድ፣ ድምፁ ሁለት። የገዛ ፋይሉን ሠላሳ ዓመት ሲለምን የኖረ ሰው ስሙ ይህ መሆኑ በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው አይሰማም። እናቱ ይህን ሁሉ አስባ ሰየመችው ማለቴ አይደለም። ግን አማርኛ የሚሰማ አንባቢ ሁለቱንም ድምፅ ይዞ ነው መጽሐፉን የሚከፍተው። ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቻችን ሰምና ወርቅ የሚሉት እኮ እንዲህ ያለውን ነው።

ለአድማ መቺዎች የተሸጠ መጽሐፍ

የመጀመሪያዋን ትንሽ የግጥም መጽሐፍ ያሳተመው ለሥራ አጦች በሚሰጠው የመንግሥት ድጎማ ነው። ጊዜው እንግሊዝ ውስጥ የማዕድን ሠራተኞች ታላቅ አድማ የመቱበት፣ ከ1984 እስከ 1985 ያለው ነበር፤ መጽሐፏን በላንካሸር ለአድማ መቺዎቹ ሸጠ። ከዚያ ማንቸስተር ገባ። በ1988፣ በሃያ አንድ ዓመቱ፣ የመጀመሪያው መድበሉ ወጣ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በተጨበጠ ቡጢ ውስጥ ያሉ ለስላሳ ጣቶች» እንደ ማለት ነው። ያሳተመው ቦግል ሉቨርቸር ነው፤ ከጉያና የመጡ ባልና ሚስት ለንደን ውስጥ የመሠረቱት የጥቁሮች ማተሚያ ቤት። ከዚያ በኋላ በ1992፣ በ1999ና በ2008 ሌሎች መድበሎች ተከተሉ፤ በ2016 ደግሞ የተመረጡና አዳዲስ ግጥሞቹ «ወርቅ ከድንጋይ» በሚል ርእስ በአንድ ላይ ወጡ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግጥሞች ለአፍ የተሠሩ ናቸው። ድግግሞሽ አላቸው፣ ይፈጥናሉ፣ ቤት መምቻው እንደ ከበሮ ይመታል። መድረክ ላይ ሲሰሙ አዳራሽ ያንቀጠቅጣሉ። ወረቀት ላይ ሲነበቡ ግን አንዳንዶቹ ይቀዘቅዛሉ፤ ቁጣው ከቃሉ ቀድሞ ይደርሳል። ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አላየውም። ፉከራም እኮ ፎካሪው ሲነሣ እንጂ ተጽፎ ሲነበብ ሙሉ ነፍስ የለውም። ራፕ የሚሰማ ሰውም ይህን ያውቀዋል።

የሚደንቀው ግን ገና በጊዜ የቃል ጨዋታው ስል መሆኑ ነው። የ1992ቱን መድበል ርእስ ውሰዱ። «ያለ ምክንያት ዐመፀኛ» የሚል ትርጉም ያለው የ1955 የአሜሪካ ፊልም አለ፤ ጄምስ ዲን የሠራበት። ለምን ሲሳይ «ምክንያት» የምትለውን ቃል አውጥቶ በድምፅ የምትቀርባትን «ጭብጨባ» አስገባ፦ ጭብጨባ የሌለው ዐመፀኛ። ምክንያት ማለት «ለምን?» ለሚል ጥያቄ የሚሰጥ መልስ አይደል? ፊልሙ ላይ ያለው ልጅ ምክንያት የለውም። ይህኛው ግን ምክንያቱን ያውቀዋል፤ የጎደለው የሚያጨበጭብለት ሰው ነው። በአንድ ቃል ልውውጥ የሁለት ወጣቶችን ልዩነት አሳየ፤ አንዱ ቤት እያለው የከፋው፣ ሌላው መጀመሪያውኑ ቤት የሌለው።

ግድግዳ ላይ የወጣ ግጥም

ለምን ሲሳይ ከመጻሕፍቱ እኩል የሚታወቀው ከተማ ላይ በተጻፉ ግጥሞቹ ነው። ማንቸስተር ውስጥ አንዱ ግጥሙ በመጠጥ ቤት የጎን ግድግዳ ላይ፣ ሌላው በእግረኛ መንገድ ንጣፍ ላይ ተጽፏል። መጽሐፍ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ወደ ሥራ ሲሄድ ያነበዋል። ለ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ መናፈሻ የጻፈው ደግሞ በዚያው አካባቢ በነበረ የክብሪት ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩና በ1888 አድማ የመቱ ሴቶችን ያነሣል። ሁሉም ስለ ሯጮች ሲያወራ እሱ እዚያው መሬት ላይ የሠሩትን ሴቶች ጠየቀ።

ከሁሉም የማስቀድመው ግን ለንደን ፌን ኮርት የቆመውን ነው። ከቀራፂው ማይክል ቪሶኪ ጋር የሠሩት መታሰቢያ ሲሆን፣ በ2008 የመረቁት ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ናቸው። የሚያስታውሰው የባሪያ ንግድ መወገድን ነው፤ የቆመው ደግሞ የለንደን ባንኮችና የመድን ድርጅቶች ባሉበት ሰፈር ነው። ርእሱን የተሸከሙት ሁለት ቃላት ናቸው፣ «ጊልት» እና «ኬይን»፤ «የኬይን ጊልት» እንደ ማለት። ጊልት በእንግሊዝኛ የወርቅ ቅብ ነው፤ በድምፅ ግን «በደል» ከሚለው ቃል አይለይም። ኬይን ወንድሙን የገደለው ቃየል ነው፤ በድምፅ ግን ሸንኮራ አገዳም ነው፤ በባርነት የተያዙት ሰዎች ያለሙት የነበረው አገዳ። የመታሰቢያው ዓምዶችም የአገዳ ግንድ እንዲመስሉ ሆነው ነው የቆሙት። ግጥሙ የአክሲዮን ገበያ ቃላትን ከኦሪት ቃላት ጋር ያጋጫል፤ ነጋዴው በሒሳብ መዝገቡ የጻፈውን ቃል ወስዶ እዚያው ነጋዴው ሰፈር ላይ መልሶ ያነብበታል።

ይህ ሰምና ወርቅ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ቅኔ ቤት ሄዶ ተማረው ማለቴ ግን አይደለም። በእንግሊዝኛ ብቻ ያደገ ሰው በሌላ መንገድ ሄዶ እኛ የምናውቀው በር ላይ ደረሰ።

እዚህ ከተማችን ላይ ደግሞ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሀደራ የሚለው ስም ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ አረንጓዴነትን ያመለክታል። ከተማው ስሙን ከየት እንዳገኘ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ናሓል ሀደራ ከኃይል ማመንጫው ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች አጠገብ ባሕር ይገባል፤ ወንዙ ዳር ቤተሰብ ይዝናናል፣ ሰው በእግሩ ይሄዳል። እዚያ መንገድ ላይ፣ ወይም ጊቫት ኦልጋ አንድ ግድግዳ ላይ፣ በአማርኛና በዕብራይስጥ ግጥም ቢጻፍ ምን ይበል? «ሁላችን አንድ ነን» የሚል ከሆነ ይቅርብን፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በየበዓሉ እንሰማለን። ከለምን ሲሳይ የምንማረው ለከተማ የሚጻፍ ግጥም ከተማውን አንድ ነገር መጠየቅ እንዳለበት ነው።

«ስሜ ለምን ነው»

የ2019ኙ መጽሐፉ የልጅነት ትዝታ ነው፤ የግጥም መድበል አይደለም። እኔ ግን የግጥም ሥራው ጫፍ እዚህ ነው እላለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ከፋይሉ የወጡትን ሰነዶች፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞችን ሪፖርትና ደብዳቤ፣ እንዳሉ ያቀርባቸዋል። ቀጥሎ እሱ የሚያስታውሰውን ይጽፋል። ሪፖርቱ ስለ ልጁ በእርግጠኝነት ይናገራል፤ ባሕርዩ እንዲህ ነው፣ የሚያስፈልገው እንዲህ ነው። ከዚያ ያ ልጅ አድጎ ከጎኑ ሌላ ገጽ ይከፍታል። አይጮኽም። ሰነዱ ራሱን እንዲያጋልጥ ቦታ ይለቅለታል።

የምዕራፎቹ መግቢያ ላይ አጫጭር ባለ አራት መስመር ግጥሞች አሉ። ብቻቸውን ብታነቡአቸው ትንንሽ ናቸው፤ ንጋት፣ ብርሃን፣ ጨለማ። ከሥራቸው የቢሮ ቋንቋ ሲመጣ ግን ክብደት ያገኛሉ። በታይፕ የተጻፈው ሪፖርት ልጁን «ጉዳይ» ያደርገዋል፤ አራቱ መስመር መልሶ ሰው ያደርገዋል። ገጣሚው ይህን ግጭት ቀድሞም ሞክሮታል፦ በ2017 ለንደን ሮያል ኮርት ቲያትር ውስጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስለ እሱ ያዘጋጀችውን ሪፖርት ተመልካች ፊት አስነበበ፤ እሱ ራሱ ሪፖርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው እዚያው መድረክ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ራስን ማሳየት ሊለው ይችላል። እኔ የማየው ግን ስለ አንተ የተጻፈው ነገር በተዘጋ በር ውስጥ እንዳይነበብ ማድረግን ነው።

ርእሱን ወደ ሁለቱ ቋንቋዎቻችን መልሱት እስቲ። በዕብራይስጥ «ሽሚ ላማ» ብንለው ጥያቄው ይመጣል፣ ስሙ ግን ይጠፋል፤ «ላማ» የሚባል ሰው የለማ። በእንግሊዝኛውም ስምና ጥያቄ ተለያይተው ነው ያሉት፤ ገጣሚው ትርጉሙን ማስረዳት አለበት። በአማርኛ ግን «ስሜ ለምን ነው» ስንል ሁለቱም አንድ ላይ ይመጣሉ፦ ስሜ ለምን ይባላል፤ ደግሞም ስሜ ለምንድን ነው እንዲህ የሆነው? መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ሆኖ ርእሱ ሙሉ የሚሆነው በአማርኛ ነው። ደራሲው በልጅነቱ ያልሰማው ቋንቋ የመጽሐፉን ቁልፍ ይዞ ቆይቷል።

የጠዋቶቹ ግጥሞች

በ2023 የታተመው «ብርሃኑ ይፍሰስ» የሚል መንፈስ ያለው መድበል እነዚያኑ ባለ አራት መስመር ግጥሞች ለብቻቸው ሰብስቧል። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት እየጻፈ በማኅበራዊ ሚዲያ ያወጣቸው ናቸው። ብዙ ሰው ወዷቸዋል፤ ስልክ ላይ ይነበባሉ፣ ለታመመ ጓደኛ ይላካሉ። በመከራ ውስጥ ያለ ሰው በአራት መስመር ቢበረታ ማን ይከፋዋል?

ግን ሂስ ከሆነ እውነቱ ይነገር፦ ይህ ደካማው መጽሐፉ ነው። ቤቱ ይመታል፣ ብርሃን ጨለማን ያሸንፋል፣ ቀጣዩ ገጽ ላይም እንደገና ያሸንፋል። ጨለማው ግን ስም የለውም፤ የማን ጨለማ? ማን አመጣው? ያው ቅርጽ በ2019ኙ መጽሐፍ ለምን ሠራ? ከጎኑ ሪፖርቱ ስለነበር። ፌን ኮርት ላይ ለምን ሠራ? ከጎኑ የባንኮቹ ሰፈር ስለነበር። እዚህ ተቃራኒው ሲነሣ ቃሉ የሚይዘው ነገር አጣ። ለምን የሚባለው ገጣሚ «ለምን» ማለት ሲያቆም ማንም ሊጽፈው የሚችል ምክር ይጽፋል።

ክብርና ሹመትም በዚሁ ዘመን በዝቶለታል። ከ2015 ጀምሮ ለሰባት ዓመት የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለር ነበር። በ2019 የፔን ፒንተር ሽልማትን ተቀበለ፤ በ2020 የቡከር ሽልማት ዳኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የመዓዛ መንግሥቴ ልብ ወለድ ከመጨረሻዎቹ ስድስት ዕጩዎች አንዱ ነበር። ጭብጨባ የሌለው ዐመፀኛ አሁን ጭብጨባው ሞልቶለታል። ያ ግጥሙን አላልቶት ይሆን ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በማሳደጊያ ላደጉ ወጣቶች የገና ራት እንዲዘጋጅ ከ2013 ጀምሮ መሥራቱ ግን ጥያቄውን በሌላ መንገድ እንዳልተወው ያሳያል።

«የኛ» ነው ወይ?

አንድ ፈተና አለብን፦ «ኢትዮጵያዊ ነው፣ የኛ ነው» ብሎ መኩራትና እዚያው ላይ ማቆም። መመሳሰሉ እርግጥ ያጓጓል። ከ1984 እስከ 1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ የመጡት ወላጆቻችንና ታላላቆቻችን ብዙዎቹ መርካዝ ክሊታ ወይም ፕኒሚያ ሲገቡ ዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። ቴዑዳት ዘሁት ላይ አንድ ስም፣ እናት የምትጠራበት ሌላ ስም። ዛሬ አንዳንዱ ወጣት የአማርኛ ስሙን መልሶ ወስዷል፤ ሌላው ሁለቱንም ይዞ ይኖራል።

ልዩነቱን ግን አንደባብሰው። ለምን ሲሳይ ስሙን ሲያጣ እናቱንም፣ ቋንቋውንም፣ የሚመስለውን ሰው ፊትም አብሮ አጥቷል። እኛ ስም ሲቀየርብን ቤት ውስጥ የድሮውን ስም የሚጠራ ሰው ነበር። አማርኛው ቡና ሲፈላ ይሰማ ነበር። ትምህርት ቤቱና መንገዱ ቢያሳንሰውም አልጠፋም። ስለዚህ የእሱን ቁስል ወስደን የኛ ማድረግ ትክክል አይደለም። የኛን ልምድ የሚጽፉ ደግሞ አሉን፦ ዳሊያ ቤቶሊን ሼርማን በ2013 በዕብራይስጥ ያወጣችው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ርእሱ «ዓለም እንዴት ነጭ ሆነ» እንደ ማለት ነው። እሱ ለምን ይላል፣ እሷ እንዴት ትላለች። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ከኩራት የበለጠ ይጠቅመናል።

ከለምን ሲሳይ የምንወስደው የአሠራር ትምህርት ነው። ስለ ማኅበረሰባችን ብዙ ተጽፏል፤ የክሊታ ሪፖርት፣ የትምህርት ቤት ግምገማ፣ የጋዜጣ ዜና፣ የዩኒቨርሲቲ ጥናት። በብዙው ውስጥ እኛ የሚጻፍብን ነን። ለዚያ መልሱ «እኛ ቆንጆ ነን፣ ጠንካራ ነን» የሚል ግጥም ብቻ አይመስለኝም፤ እሱ የ2023ቱ መጽሐፍ መንገድ ነው። ሰነዱን አውጥቶ፣ ቃሉን ሳይለውጥ አስቀምጦ፣ ከጎኑ የራስን ገጽ መክፈት ግን ይቻላል። ለዚያ ደግሞ ወላጆች የሚናገሩት አማርኛ ያስፈልጋል፤ ሪፖርቱ የተጻፈው በዕብራይስጥ ሲሆን የጎደለው ምስክርነት ያለው በዚያኛው ቋንቋ ነው።

ለመጀመር ለምትፈልጉ የ2019ኙን መጽሐፍ አስቀድሙ። ከዚያ «ወርቅ ከድንጋይ»ን ያዙ፤ የቆዩትን ግጥሞች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የጠዋቶቹን መጨረሻ ላይ አድርጓቸው። ከምዕራፍ መግቢያዎቹ አንዷን ደግሞ ወደ አማርኛና ወደ ዕብራይስጥ ለመመለስ ሞክሩ፤ ቃል ሲጠፋባችሁ እናታችሁን ወይም አያታችሁን ጠይቁ። በዚያው ስማችሁን ማን እንዳወጣላችሁና ለምን ያንን ስም እንደመረጠ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ስሞቻችን በጥሬው ሲነበቡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው።